በሪግ ላይ እጅን ማዳን፦ ለሰሜን ሸዋ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ጓንት ከጭረት፣ ከቅባትና ከብርድ ያድናል። በሁለት ብረት መካከል የገባን ጣት ግን አያድንም። አንድ ኩንታል የሚጠጋ የቁፋሮ ቱቦ ሲወርድ ባዶ እጅና ጓንት ያጠለቀ እጅ ብሎ አይለይም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንግባባ። እጅን የሚያድነው እጁ ያለበት ቦታ ነው። ጓንቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መመሪያው የተጻፈው በሰሜን ሸዋ በሪግ፣ ማለትም በመቆፈሪያ ማሽን፣ የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ነው። ለኦፕሬተሩ፣ ለረዳቱ፣ ለቀን ሠራተኛውና ለፎርማኑ። ከረዳቶቹ አንዳንዱ ነገ ወደ ሶማሌ ክልል፣ ወደ ካሉብና ሂላላ የጋዝ ጉድጓዶች መሄድ ያስባል። የሚማረው ነገር እዚያም ይሠራለታል። የውሃ ሪግና የነዳጅ ሪግ በመጠን ቢለያዩም ጸባያቸው ይመሳሰላል። በሁለቱም ላይ ቱቦ ይነሳል፣ ይገጠማል፣ ይሽከረከራል፣ ይፈታል። እጅ የሚጠፋውም እዚያው ላይ ነው።

እጅ የሚበሉ ቦታዎችን መለየት

ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሪጉን አንድ ጊዜ ዙሩት። ኦፕሬተሩና ረዳቱ አብረው ይዙሩ። በየቦታው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ነገር አሁን ቢንቀሳቀስ እጄ በየት ያመልጣል? መልስ የሌለው ቦታ ሁሉ ቀይ ቀለም ይቀባ። ቀለሙ በተለይ ለአዲስ ቀን ሠራተኛ ይጠቅማል። ከመንደሩ ትናንት የተቀጠረ ልጅ የትኛው ብረት እንደሚንቀሳቀስ በምን ያውቃል?

አደገኞቹ ቦታዎች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። አንዱ የቱቦው መገጣጠሚያ ነው። ወንዴው ክር (እንደ ብሎን ጥርስ የተሠራው ጫፍ) ከሴቴው ጋር ሲገናኝ በመካከል የቀረ ጣት አይተርፍም። ሌላው የቱቦ መደርደሪያው ነው። አንዱ ቱቦ ሲነሳ ሌላው ተንከባሎ ቦታውን ይይዛል። የዊንቹ፣ ማለትም የመጎተቻው፣ ከበሮና የብረት ገመዱም አለ። የኮምፕሬሰሩ (አየር የሚያምቀው ማሽን) ቺንጊያና ፋንም አለ። መከለያቸው ወልቆ መሬት ላይ ተጥሎ ካያችሁ ሥራ አትጀምሩ። "ለጥገና ስለሚያስቸግር አወጣነው" የሚለውን ሰበብ በየሳይቱ ትሰማላችሁ። መከለያ መልሶ ማሰር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የሚወልቅና የሚለበስ

ሰሜን ሸዋ ደጋው ይበርዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንዝ ደግሞ ከዚያም የሚብስ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ የጣለበት ሳይት ላይ ጋቢ የደረበ፣ ስካርፍ የጠመጠመ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ጋቢና የሚሽከረከር ቱቦ ግን አብረው አይሄዱም። የጨርቁን ጫፍ ከያዘው ክንዳችሁንም ይዞ ይጠቀልላል። ከሪጉ አጠገብ ስትሆኑ ጋቢ፣ ነጠላና ስካርፍ ይውለቅ። ሙቀት የፈለገ ከቱታው ሥር ሹራብ ይደርብ። የቱታው እጅጌ አንጓ ላይ ይቆለፍ።

ቀለበት ይውለቅ። የጋብቻም ቢሆን ይውለቅ። ቀለበት ብረት ላይ ተሰክቶ ሰውዬው ከተንሸራተተ የጣቱን ሥጋ ከአጥንቱ ገፎ ያወጣዋል። እንዲህ ያለው ጉዳት ከተራ መቆረጥ በላይ ለሐኪም ያስቸግራል። እጅ ላይ የሚታሰር የእንጨት መቁጠሪያም ያው ነው። በኪስ ይያዝ። የአንገት ማተብ ደግሞ ከቱታው ውስጥ ይግባ፣ ተንጠልጥሎ አይቅር።

ጓንትስ? ቱቦ ለመሸከም፣ የብረት ገመድ ለመያዝና ግሪስ ለመቀባት በልክ የሆነ ጓንት ልበሱ። ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ ግን ሰፊ ጓንት አይደረግ፤ እሱም እንደ ጋቢው ይጠቀለላል። በልክ ያልሆነ ጓንት ይዞ የሚመጣ አቅራቢ ካለ ይመልሰው። "አንድ መጠን ለሁሉም" የሚባለው ጓንት ለማንም ልክ አይሆንም።

ሌቨሩን ማን ይነካል?

አንድ ሰው ብቻ። ይሄ ሕግ ማስተካከያ የለውም። ሌቨሩን፣ ማለትም የሪጉን መቆጣጠሪያ እጀታ፣ የያዘው ኦፕሬተር የረዳቱን ሁለት እጆች በዓይኑ ሳያይ ምንም ነገር አያንቀሳቅስ። አንዱ እጅ ከቱቦው ጀርባ ከተሰወረ ይጠብቅ።

ኮምፕሬሰር እየጮኸ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ በእጅ ምልክት ተስማሙ። ቢያንስ ሦስት ምልክት ያስፈልጋል፦ አንሳ፣ አውርድ፣ ቁም። "ቁም" የተጨበጠ እጅ ከፍ አድርጎ ማሳየት ይሁን። አንሳና አውርድ የሚለውን ምልክት የሚሰጠው አንድ የታወቀ ሰው ነው። ቁም የሚለውን ግን ማንም ይስጥ፤ ኦፕሬተሩም ሳይጠይቅ ይቁም፣ ምክንያቱን ከቆመ በኋላ ይስማ።

እዚህ ላይ የኛ ጨዋነት ትንሽ ያስቸግራል። ኦፕሬተሩ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይበልጣል፤ "ጋሼ" የሚባል ሰው ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ረዳት ጋሼን "ቁም" ለማለት ያፍራል። ተቆጥቶ "አንተ ልጅ ሥራ አታስፈታ" ቢለው ሁለተኛ አይናገርም። ስለዚህ ፎርማኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኦፕሬተሩ ባለበት ጮክ ብሎ ይናገር፦ የማቆም መብት የሁሉም ነው። ኦፕሬተሩ ራሱ ቢለው ደግሞ የበለጠ ይሰማል።

ቱቦ መግጠምና መፍታት

ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ይሄን ነው። የደጋው መሬት አብዛኛው እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥቁር ድንጋይ ነው። በአየር በሚሠራ መዶሻ ነው የሚቆፈረው። በየጥቂት ሜትሩ ቱቦ ይጨመራል። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ያው እንቅስቃሴ በአስሮች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል፤ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይፈታል። እጅ ሥራውን ሲለምድ ዓይን ሌላ ነገር ማየት ይጀምራል።

ቱቦውን ከመደርደሪያው ስታነሱ ጫፉን በመዳፍ አትምሩት። ገመድ እሰሩበትና ከራቀ ቦታ በገመዱ ምሩት። ገመዱን ግን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙት። ገመድ በማይመችበት ቦታ ጫፉ ቀንድ ያለው የእንጨት ወይም የብረት ዘንግ ይዛችሁ ግፉት ወይም ሳቡት። ማንኛውም በያጅ በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል። በነዳጅ ሪጎች ላይም ይሄን መሣሪያ ይጠቀሙበታል።

ቱቦው ተንጠልጥሎ ሲመጣ ከሥሩ እጅ አይግባ። ክሩን በጣት አትጥረጉ፤ ብሩሽ ተጠቀሙ። ግሪስም በብሩሽ ይቀባ። ወንዴው ከሴቴው ጋር መግጠሙን በጣት ዳስሶ ማረጋገጥ የብዙ ሰው ልማድ ነው። በዓይን ይታያል፤ ካልታየ ባትሪ አብሩ። ቱቦውን ማቃናት ካስፈለገ ከመገጣጠሚያው ቢያንስ ክንድ ያህል ከፍ ብላችሁ ከጎን በተከፈተ መዳፍ ግፉት። ጣቶቻችሁ ቱቦውን አይቀፉት።

ሲፈታ መፍቻው ላይ ያለው ሰው በብዛት ይጎዳል። ክሩ ጠንክሮ ይቆይና በድንገት ይለቃል። መፍቻውም ይወነጨፋል። ስለዚህ የመፍቻው እጀታና የሪጉ ምሰሶ መካከል እጅም ሆነ ሰውነት አይቁም። እጀታውን በሙሉ ጭብጥ ከመያዝ በመዳፍ መግፋት ይሻላል። ቢንሸራተት ጣቶቻችሁ ከኋላው ካለው ብረት ጋር አይጨፈለቁም። ሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) መፍቻ ያለው ሪግ ከሆነ መንጋጋው ቱቦውን ከያዘ በኋላ ሁሉም አንድ እርምጃ ይራቅ። ከዚያ በኋላ ብቻ ኦፕሬተሩ መሳብ ይጀምር።

መፍቻ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም የተለመደ ነው። እኔ ብጠየቅ ከሳይቱ አስወጣው ነበር። መፍቻው ከተሠራበት አቅም በላይ ይጫናል፤ ሲሰበርም የሚሄድበት አይታወቅም። እምቢ ያለውን ክር ዘይት አጠጡት፣ ወይም ከበድ ያለ መፍቻ አስመጡ።

የነዳጅ ሠራተኞች ድሮ ቱቦ የሚያሽከረክሩት ሰንሰለት ጠምጥመው በመሳብ ነበር። ያ ሰንሰለት ብዙ ጣት በልቷል። ኋላ ላይ ሥራውን የሚሠራ ማሽን መጣና ሰውን ከመካከል አወጣው። አሁንም የዘርፉ ሐሳብ ያው ነው። ብረት ብረትን ይያዝ፣ ሰው ይራቅ። የእኛ ሪጎች ያ ማሽን ባይኖራቸውም ሐሳቡን በገመድና በዘንግ መሥራት እንችላለን።

ስለ ብረት ገመዱም አንድ ነገር። ያረጀ ገመድ ላይ የተሰበሩ ክሮች እሾህ ሆነው ይወጣሉ። ጓንቱን ይይዙና እጁን ወደ ከበሮው ይዘው ይሄዳሉ። ከበሮ ላይ የሚጠመጠም ገመድ በእጅ አይመራም። በዘንግ ይመራ።

"ቆይ አንዴ ላስተካክላት"

ብዙ ጊዜ ከአደጋ በፊት የሚሰማው ይሄ ነው። አንድ ነገር ይያዛል፤ ቱቦው ይዘማል፤ ቺንጊያው ይንሸራተታል። ረዳቱ ሞተሩ እየሠራ እጁን ይሰዳል። ማሽን ሲይዝ ወይም ሲበላሽ ይሄን ቅደም ተከተል ያዙ፦

1. ሞተሩን አጥፉ። በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲሠራ መተው ማጥፋት አይደለም።
2. ቁልፉን ነቅላችሁ የሚጠግነው ሰው በኪሱ ይያዘው። ማስነሻው ጓጉንቸር የሚቀበል ከሆነ ይቆለፍ። ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ጓጉንቸር ይንጠልጠል።
3. የተንጠለጠለውን ጭነት ወደ መሬት አውርዱ ወይም በፒን ደግፉ። የሃይድሮሊክ ግፊት ብቻ ያቆመው ነገር ቆሟል አይባልም።
4. የኮምፕሬሰሩን አየር አስተንፍሱ። የሃይድሮሊክ ሌቨሮቹን ወዲያ ወዲህ በማለት የቀረውን ግፊት ልቀቁ።
5. ለማስነሳት ሞክሩ። ካልተነሳ አሁን እጃችሁን አስገቡ።

አምስተኛው ተራ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ቁልፍ የተነቀለ የሚመስለው፣ በሌላ ሽቦ የሚነሳ አሮጌ ሪግ ስንት አለ!

የማይታየው ቁስል

ይሄ ክፍል ለብቻው ቢነበብ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ጣቱን ያጣል።

በሪግ ላይ የሃይድሮሊክ ግፊት ከ200 ባር ሊያልፍ ይችላል። ዘይቱ የሚያልፍበት ቱቦ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብትከፈት ዘይቱ በዓይን በማይታይ ክር ይወጣል። ይሄ ክር ጓንት ይበሳል፣ ቆዳ ይበሳል፣ ዘይቱንም በጣቱ ውስጥ ይረጨዋል። ሰውዬው የሚሰማው እንደ መርፌ ጠቅ ማለት ብቻ ነው። ደም አይፈስ ይሆናል። "ምንም አይደለም" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ጣቱ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ዘይቱ በጅማቶቹ መሥመር ወደ መዳፍ እየሄደ ሥጋውን ይገድላል።

ይሄ የቀዶ ሕክምና ድንገተኛ ነው። ጣቱ ተከፍቶ መታጠብ አለበት፤ በዚያው ዕለት፣ በሰዓታት ውስጥ። የጤና ጣቢያ ባለሙያ እንኳ ቀዳዳዋን አይቶ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ሊመልሳችሁ ይችላል። ስለዚህ ይሄን ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ "ከፍተኛ ግፊት ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ጣቴ ውስጥ ገብቷል፤ ወደ ቀዶ ሐኪም ላኩኝ።" የግሪስ መሙያ ሽጉጥም ይሄንኑ ያደርጋል።

የሚያፈስበትን ቦታ ለመፈለግ እጅ በዘይት ቱቦው ላይ አይሂድ። የካርቶን ቁራጭ ዘንግ ላይ አስራችሁ አስጠጉት፤ ዘይቱ ካርቶኑን ያረጥበዋል። ከዚያ ሞተር አጥፍቶ፣ ግፊት ለቅቆ መጠገን ነው።

ብርድና ድካም

የደነዘዘ ጣት ምን እንደነካ አያውቅም። ጠዋት ብረት ከመንካት በፊት እጅ ይሙቅ። የመጀመሪያውን ቱቦ ቀስ ብላችሁ ግጠሙ። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለው ቆላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ላብ እጀታውን ያንሸራትታል፣ ከቀትር በኋላ ዓይን ይከብዳል። ሌሊት የሚሠራ ከሆነ የመገጣጠሚያው ቦታ ላይ የሚበራ መብራት ይኑር። ማታ አረቄ የጠጣ ሰው ጠዋት ሪግ ላይ አይውጣ። ይሄ ከጣትም ሌላ ከካሳም ጋር ይያያዛል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳይት ሳይከፈት የሚዘጋጅ

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ውስጥ ብዙ ንጹሕ ጎዝ፣ ሰፋፊ ፋሻ፣ መቀስ፣ ባለ ዚፕ ወይም ንጹሕ ፌስታል፣ ያልተከፈተ የታሸገ ውሃ፣ እስክሪብቶና ለደም ማቆሚያ የሚሆን ሰፊ ማሰሪያ ይኑር። ቁልፉ ጠፍቶ የተቆለፈ ሳጥን ከሌለ አይሻልም።

ከዚያ መንገዱን አስቡ። የቅርቡ ጤና ጣቢያ የት ነው? ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታልስ? በደብረ ብርሃን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለ። መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና፣ አጣዬና አረርቲም ሆስፒታል አላቸው። የተቆረጠ ጣት ወይም የተጨፈለቀ እጅ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍለታል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመርሐቤቴ ከሆነ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለ። መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ሁለተኛ አማራጭም ይታሰብ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የወረዳውን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ደግሞ ሪጉ በር ላይ ጻፉት። ኔትወርክ የሌለበት ሳይት ከሆነ የትኛው ኮረብታ ላይ ስልክ እንደሚሠራ አስቀድማችሁ እወቁ።

እጅ ከተያዘ

መጀመሪያ ማሽኑን አቁሙ። ቀጥሎ የሚመጣው ፍላጎት "ወደ ኋላ መልሰው!" ብሎ መጮህ ነው። አትቸኩሉ። በስህተት የተነካ ሌቨር ጭራሽ ያስገባዋል። ማሽኑን የሚያውቀው ሰው ብቻ፣ እጁ በምን በኩል እንደገባ አይቶ፣ ጭነቱ ተደግፎ፣ በቀስታ ይክፈተው። ከመክፈታችሁ በፊት ጎዙ በእጃችሁ ይሁን። ብረቱ እስከያዘው ድረስ ደሙ ታፍኖ ይቆያል፤ ሲለቀቅ ይፈሳል። ሰውዬውን የሚደግፍ አንድ ሰው ይኑር፤ ብዙዎች ያን ጊዜ ራሳቸውን ይስታሉ።

ደም ማቆም

ንጹሕ ጎዝ ወይም ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ አጥብቃችሁ ተጫኑ። እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ። 10 ደቂቃ ሙሉ ሳትከፍቱ ተጫኑ። "ቆመ እንዴ?" እያሉ መክፈት የረጋውን ደም ያነሳዋል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ከላይ ጨምሩ፤ የታችኛውን አታንሱ።

የቡና ዱቄት፣ ናፍጣ፣ ግሪስ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አፈር ቁስል ላይ አይደረግ። ቡናው ደም ያቆመ ይመስላል፤ ቀዶ ሐኪሙ ግን ፍርፋሪውን ሲለቅም ሰዓት ያጠፋል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል።

ጣትን በክር ወይም በላስቲክ አትሰሩ። ክንድ ላይ የሚደረገው ጥብቅ ማሰሪያ የሚያስፈልገው ደሙ በመጫን እምቢ ብሎ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ እጅ ከአንጓው ሲቆረጥ። ያኔ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጨርቅ ከቁስሉ በላይ 5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ እሰሩ። ክርን ላይ አይሁን። በጨርቁ ውስጥ ዱላ አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አጥብቁ። ሽቦና ቀጭን ገመድ አይሆንም። የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ወይም ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ሆስፒታል እስኪደርስ አትፍቱት።

ቀለበት ሳያወልቅ የቀረ ካለ አሁኑኑ ይውለቅ፤ እብጠት ከመጣ አይወጣም። አጥንቱ የተሰበረ ከመሰላችሁ እጁን ብርጭቆ እንደያዘ አድርጋችሁ፣ መዳፉ ውስጥ የተጠቀለለ ፋሻ አስገብታችሁ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ እንጨት ደግፋችሁ በስሱ እሰሩ። ምግብም ውሃም አይሰጥ፤ ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ይችላል። "ደሙን ይመልስለት" ተብሎ የሚገዛው ለስላሳ መጠጥ ቀዶ ሕክምናውን ያዘገየዋል።

የተቆረጠውን ጣት መያዝ

ጣቱን ፈልጉ። ጓንቱ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ጓንቱን አትጣሉ። በንጹሕ ውሃ በቀስታ አለቅልቁት፤ አትፈትጉት፣ አልኮል አታድርጉበት። ንጹሕ ጎዝ በውሃ አርጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ ጠቅልሉት። ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ አፉን እሰሩ። ከዚያ ያን ፌስታል በረዶና ውሃ ያለበት ሌላ ፌስታል ውስጥ ክተቱት። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ አይንካ፣ ውሃ ውስጥም አይነከር።

በረዶ ከሌለስ? መንደሩ ውስጥ ፍሪጅ ያለው ሱቅ አይጠፋም። የቀዘቀዘ ሃይላንድ ውሃ ግዙና ፌስታሉን በመካከላቸው አድርጉት። በደንብ ቀዝቅዞ የተያዘ ጣት እስከ 24 ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል፤ ካልቀዘቀዘ ቢበዛ 12 ሰዓት። ጡንቻ ያለው ክፍል፣ ማለትም ከአንጓ በላይ የተቆረጠ ከሆነ፣ ጊዜው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የተቆረጠ ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም። የተጨፈለቀ ጣት ብዙ ጊዜ አይመለስም። ግን ያንን የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው። መልሶ መግጠም ባይቻል እንኳ ቆዳው ለመሸፈኛ ሊያገለግል ይችላል። በከፊል ተንጠልጥሎ የቀረን ጣት አትቁረጡ፤ በቦታው ደግፋችሁ አብራችሁ ውሰዱት።

ሆስፒታል ስትደርሱ የቴታነስ መርፌ ጠይቁ። ቆሻሻ ቁስል ከሆነና የመጨረሻው ክትባት 5 ዓመት ካለፈው እንደገና ይወሰዳል። መቼ እንደተወጋ የማያስታውስ ሰው አልተከተበም ተብሎ ይያዝ።

ያልተቆረጠ ግን የተጨፈለቀ እጅ ሌላ መዘዝ አለው። ራጅ ተነስቶ "አጥንት አልተነካም" ተብሎ የተመለሰ ሰው ማታ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋለት የሚጮህ ከሆነ፣ ከደነዘዘው ወይም ከገረጣ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታሉ ይመለስ። ውስጡ ያበጠው ሥጋ የደም ሥሩን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። እስከ ጠዋት መጠበቅ እጅ ያሳጣል።

ወጌሻ ቤት ስለመሄድ

በአገራችን ወጌሻ የተከበረ ሰው ነው። ለወለምታ የረዱት ሰው ብዙ ነው። በማሽን የተጨፈለቀ እጅ ግን የወጌሻ ሥራ አይደለም። ያበጠ እጅ በቀርከሃ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም መሄጃ ያጣል፤ ሥጋው ይሞታል፣ ከዚያ መቁረጥ ብቻ ይቀራል። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዩት ጉዳት ነው። ቤተሰብ "ሆስፒታል ይቆርጡታል፣ እኛ እናድነው" ብሎ ሲነሳ ፎርማኑ ወይም ጓደኛው ይሄን ይንገራቸው። በእርጋታ፣ እናቱን በተለይ። ጠበልም መሄድ የሚፈልግ ቁስሉ ተሰፍቶ፣ ሐኪሙ ውሃ ይንካው እስኪል ይቆይ።

ወረቀቱ

ይሄኛው በእጅ አይያዝም፣ ግን ከእጅ ያመልጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ወዲያው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ በተገቢ መጓጓዣ ወደ ቅርብ ሕክምና ማድረስና የሕክምናውን ወጪ መሸፈን ግዴታው ነው። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል።

ቋሚ ጉዳት ከቀረ መጠኑን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። የጡረታ ሽፋን ያለው ሠራተኛ በዚያው በኩል ይስተናገዳል። በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ከተቆረጠና አሠሪው 11 በመቶ ከጨመረ ሽፋን አላችሁ ማለት ነው። መቆረጡ ብቻ አይበቃም፤ ገቢ መደረጉንም አጣሩ። ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ፣ በከፊል ከሆነ በጉዳቱ መቶኛ ልክ ከአሠሪው ይከፈለዋል።

"እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ የፈረምኩት ውል የለም" የሚል አለ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብትን አያስቀርም። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ሥራ ላይ መገኘት የሚመዘገብበት ሰሌዳ ፎቶ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባ ክፍያ፣ አብረው የሠሩ ሰዎች ምስክርነት ይያዝ። አደጋው በደረሰበት ቀን ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማሽኑን፣ ማን እንደነበረ ጻፉና ሁለት ሰው ይፈርምበት። ማሽኑ ሳይነካ ፎቶ ይነሳ። አሠሪው አደጋውን የመመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ካላደረገ እናንተ ወደ ወረዳው ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የሕክምና ወረቀቱ ላይ "በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት" ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። "ቤት ውስጥ ወድቄ ነው በል፣ እኛ እንረዳሃለን" ብሎ የሚያባብል አለቃ ከመጣ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ተጠንቀቁ። ክስ ካስፈለገ አንድ ዓመት ሳያልፍ ይጀመር።

አሠሪው ነጻ የሚሆንበት መንገድም አለ። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር በማይችልበት ደረጃ ሰክሮ ከመጣ፣ ሆን ብሎ እንዳደረሰው ይቆጠራል። ቅድም ያልኩት አረቄ እዚህ ላይ ይመጣል።

ወደ ሥራ መመለስ

ስፌቱ ስለወጣ እጁ ድኗል ማለት አይደለም። ጣት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ይደርቃል፤ በኋላ ማጠፍ ያስቸግራል። ሐኪሙ ፈቅዶ ከሆነ ጣቶቹን በቀን ብዙ ጊዜ ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት ያስፈልጋል። ፊዚዮቴራፒ ባለበት ሆስፒታል ቀጠሮ ያዙ፤ አንድ ቀን ሄዶ መቅረት አይጠቅምም። መጀመሪያ ላይ መፍቻና ቱቦ የማይነካ ሥራ ይሰጠው። ናሙና መሰብሰብ፣ ጥልቀት መመዝገብ፣ ምልክት መስጠት።

የተጎዳ ጣት ከድሮው ይልቅ ብርድ አይችልም። ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ጠዋት ሲነጣና ሲጠዘጥዝ ሰው ይደነግጣል። ይሄ የተለመደ ነው፤ ከዓመት በላይም ሊቆይ ይችላል። የሱፍ ጓንት ከውስጥ ይደረግ፣ ሥራውም ፀሐይ ትንሽ ከወጣች በኋላ ይጀመር። የመያዝ አቅሙ እየቀነሰ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ወደ ሐኪሙ ይመለስ። ቦርዱ ቀድሞ የወሰነው መቶኛም ጉዳቱ ከባሰ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ይቻላል።